ደመወዝ ካላስጨመረላት ለምን ትማራለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠናል። ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ ሁሉም አድገው ስለሚማሩ ሰዎች ይጠይቃሉ። ሰላምታውንና ምርቃቱን ለራሳችን አስቀርተን ፍሬ ነገሩን ብቻ አትመነዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 44 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የማታ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ተመዘገበች። ሱቃችን ደህና ይሠራል፤ ትምህርቱ ደመወዝ አያስጨምርላት፣ ሥራ አያስቀጥራት። ለምን እንደምትማር ስጠይቃት «እንዲያው ነው» ትለኛለች። ሰው በዚህ ዕድሜ እንዲያው ይማራል? (ከቡሬ)

መልስ፦ እንዲያው የሚማር የለም። ነገር ግን ጠያቂው በብር ሊመዝነው እንደተዘጋጀ የገባው ሰው ምክንያቱን ቶሎ አያወጣም። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ተመራማሪ ሲረል ሁል እርስዎ የጠየቁትን ይዞ 22 ጎልማሳ ተማሪዎችን በሰፊው አነጋግሮ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ተማሪዎቹን በሦስት ወገን ለያቸው። አንደኛው ወገን የሚደርስበትን ነገር ቆርጦ የመጣ ነው፤ ወረቀቱን፣ ዕድገቱን ወይም ፈተናውን ይፈልጋል። ሁለተኛው የሚመጣው ለሰውና ለመዋያው ነው። ሦስተኛው ማወቁ ራሱ ደስ ስለሚለው ይማራል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ክፍፍሉን አብዝተውታል፤ ለቤት ጉዳይ ግን ሦስቱ ይበቃሉ።

ሁለተኛውን ቀለል አድርገው አይዩት። ሃያ ዓመት ሙሉ «የእገሌ እናት» ወይም «ባለ ሱቋ» ስትባል የኖረች ሴት፣ ስም ጠሪው መምህር በአባቷ ስም ሲጠራት «አቤት» የምትልበት ቦታ አገኘች ማለት ነው። ይህ ከደመወዝ አያንስም።

ከየትኛው ወገን እንደሆነች ለማወቅ ማታ ስትገባ የምታወራውን ያዳምጡ። ስለ ፈተና ቀንና ስለ ውጤት ከሆነ ከመጀመሪያው ነች፤ በፈተና ሳምንት ሱቁን እርስዎ ይያዙላት። ስለ ጓደኞቿና ስለ መምህሯ ከሆነ ከሁለተኛው ነች፤ «ለምን ቤት ቁጭ ብለሽ በርቀት አትማሪም?» እንዳይሏት፤ የመጣችበትን ነገር መውሰድ ነው። ትምህርቱን ራሱን የምትተርክልዎት ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፤ ይጠይቋት።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገርዎት። 9ኛ ክፍል ላይ መማሪያው እንግሊዝኛ ይሆናል። 8ኛ ክፍልን ከጨረሰች ብዙ ዓመት ላለፋት ሰው የባዮሎጂው መጽሐፍ እንደ ግንብ ነው የሚቆምባት። ብዙዎች የሚያቋርጡት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነው፤ «ጭንቅላቴ አልቀበል አለ» ይሉታል፤ የጎደለው ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በቀን 10 ቃል ከመጽሐፉ አውጥታ በካርቶን ቁራጭ ላይ ትጻፍ፤ ካርቶኑ ሚዛኑ አጠገብ ይሰቀል። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እርስዎ ይጥሩላት፣ እሷ ትፍታ። በ60 ቀን 600 ቃል ነው። ሲሶው ቢረሳ እንኳ ምዕራፉን ያስነብባል።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ደረጃ 4 አለኝ። ወረዳ ፋይናንስ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ዲግሪ ጀመሩ፤ እኔም ልጀምር አስቤ የማታውና የርቀቱ አማርጦኛል። የቱ ይሻለኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የቱ ይሻላል ከማለትዎ በፊት ለምን የሚለውን ይጨርሱ። «ባልደረቦቼ ጀመሩ» የሚለው፣ ሲሉ ሰምታ ታንቃ ሞተች የተባለችውን ዶሮ ያስታውሳል። የሚፈልጉት ዕድገት ከሆነ መጀመሪያ የሚሄዱት የሰው ሀብት ክፍል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከተለው የሥራ መደቡን ነው። ዲግሪ በእጅዎ ሳለ መደቡ ከሌለ፣ ወይም መደቡ የሚጠይቀው የትምህርት ዝግጅት ከእርስዎ ዲግሪ ጋር በስም ካልገጠመ፣ ወረቀቱ ማኅደር ውስጥ ይተኛል። የሚያስቡት መደብ የሚቀበላቸውን የትምህርት ዘርፎች ዝርዝር ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። «ይሆናል፣ ግድ የለም» የሚል የቃል መልስ ከአራት ዓመት በኋላ የሚያስታውስልዎት የለም።

ከዚያ ሰዓትዎን ይቁጠሩ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንድ የ5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ኮርስ ከተማሪው የሚጠይቀው ጠቅላላ ሥራ 135 ሰዓት ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ክፍሉም፣ ንባቡም፣ አሳይንመንቱም ተደምሮ። ሦስት ኮርስ ከያዙ 405 ሰዓት ነው። ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 25 ሰዓት ገደማ ይመጣል። በክፍል ውስጥ የሚያልፈው 9 ያህሉ ነው፤ 16ቱ ከቤት ይወጣል። ክፍል በሌለባቸው ሁለት ምሽቶች ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ 5፣ እሑድ 5 ቢያደርጉት ይሞላል። እሑድ ሰንበቴ ወይም ማኅበር ሲወድቅ፣ ቅዳሜ ለቅሶ ሲመጣ 5 ሰዓቱ ይሄዳል፤ የሚተካውም ከእንቅልፍ ነው። በሁለት ኮርስ ቢጀምሩ ከቤት የሚወጣው ወደ 11 ይወርዳል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሁለት ኮርስ መጀመር ከተፈቀደልዎ ያድርጉት፤ የሚረዝመው ጊዜ በሦስት ጀምሮ ከመቋረጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ምርጫው። ለአካውንቲንግ ማታውን እንመርጣለን። ኮስት አካውንቲንግና አድቫንስድ አካውንቲንግ በሞጁል ብቻ ሲነበቡ የገቡ ይመስላሉ፤ መልመጃው ላይ ነው ባዶነቱ የሚታወቀው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠየቅ ሰው አጠገብ የለም። ርቀት የሚሻለው ሥራዎ ወደ ቀበሌ እያወጣ ከከተማ የሚያሳድርዎ ከሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሦስት ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ሞጁሉ የሚሰጠው በምዝገባው ዕለት ነው ወይስ «ይመጣል» ነው? ቲቶሪያሉ በዓመት ስንት ጊዜ፣ የት ከተማ ነው? መንገድ ቢዘጋ ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ ለቀረ አሳይንመንትና ፈተና ምን ደንብ አለ? ሦስተኛውን በአሁኑ ሁኔታ ሳይጠይቁ ብር እንዳይከፍሉ።

የግል ኮሌጅ ከሆነ የዕውቅና ደብዳቤውን ራሱን ይዩ። ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚሰጠው ዕውቅና በደፈናው ለኮሌጁ አይደለም፤ ለካምፓሱ፣ ለፕሮግራሙና ለአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ላይ በመደበኛ የተፈቀደ አካውንቲንግ ደብረ ማርቆስ ላይ በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ደብዳቤው ላይ የከተማውን ስም፣ የትምህርቱን ስም፣ «መደበኛ» ወይም «ርቀት» የሚለውን ቃልና የሚያበቃበትን ቀን ይፈልጉ። ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀለው ብዙ ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ያለፈ ነው። ቢሮ ገብተው ወቅታዊውን አሳዩኝ ይበሉ።

ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ለሚገባ ሰው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማረጋገጫ ይጠየቃል። ሌላው የመግቢያ መስፈርት ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ስለሆነ የዘንድሮውን መመሪያ ከሬጅስትራር ይጠይቁ እንጂ ባልደረቦችዎ በገቡበት አይመሩ። መውጫ ፈተናውም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በማታም ይሁን በርቀት የተማረ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ አገር አቀፉን ፈተና ወስዶ ቢያንስ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ማውስ ይዞ የማያውቅ ሰው ጥያቄውን እያወቀ ሰዓቱ ያልቅበታል። እርስዎ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይውላሉና ይህ አያሳስብዎትም፤ የመጀመሪያ ዓመት ደብተሮችዎን ግን እንዳይጥሉ፤ ፈተናው ከዚያም ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በርና መስኮት፣ የጣራ ትረስ፣ የጋሪ ቻሲ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ 7ኛ ክፍል ነው። ጨረታ ላይ ማስረጃ ጠየቁኝ። በዚህ ዕድሜ ገብቼ ልማር ወይስ ሌላ መንገድ አለ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አለ። የሙያ ብቃት ምዘናው የሚለካው የሚችሉትን እንጂ የት እንደተማሩት አይደለም። በሥራ ላይ የለመደ ሰውም ይመዘናል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ በሁለቱም ማለፍ ያስፈልጋል። ያላለፈም «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ እንደገና መመዘን ይችላል። በአቅራቢያዎ ያለ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ወይም የወረዳው ሥራና ሥልጠና ቢሮ የምዝገባውን ጊዜ ይነግርዎታል።

እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የሚወድቀው በእጁ አይደለም። በጽሑፉና እንደ ትንሽ ነገር በሚታየው ይወድቃል። ሥዕል ማንበብ ይለማመዱ፤ መዛኙ «ይህን ሥራ» ሲል ወረቀት ነው የሚሰጥዎ፤ ልኬቱም በሚሊሜትር ነው። በስንዝርና በዓይን የለመደ ሰው 2 ሚሊሜትር ስቶ ይወድቃል። በመነጽር ብቻ መበየድ የለመዱ ከሆነም ይተዉት፤ ማስክ፣ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ ሳያደርጉ ማሽን ከነኩ ሥራው ቢያምርም ነጥብ ይሄዳል።

አምፔሩን በጆሮ ሳይሆን በቁጥር ይወቁት። ለ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90፣ ለ3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 አምፔር አካባቢ ነው፤ ለስስ ቱቦላሬ ወደ ታችኛው ይጠጋል። ሲበዛ የብረቱን ጠርዝ ይበላል፣ ስሱን ይበሳል። ሲያንስ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብየዳውም ላይ ላዩን ተቆልሎ ወደ ውስጥ አይገባም። በክረምት የሚመጣው ቀዳዳ ቀዳዳ የበዛበት ብየዳ አብዛኛውን ጊዜ ከእርጥበት ነው። ፓኬቱ የተከፈተ 6013 ኤሌክትሮድ ሐምሌ ሙሉ መደርደሪያ ላይ ሲያድር ሽፋኑ ውኃ ይጠጣል። ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ከረጠበም 100 ዲግሪ አካባቢ ለ1 ሰዓት ይድረቅ። ሁለተኛውን መስመር ከመደረብዎ በፊት የመጀመሪያውን ጥቀርሻ በመዶሻና በሽቦ ብሩሽ አጥርተው ያውጡ፤ መዛኙ ግራይንደር አስነስቶ ውስጡን ቢያይ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሙሉ ኮርስ መግባት አያስፈልግዎትም። ለምዘናው አጭር ሥልጠና ካገኙ ግን ይግቡ፤ የጎደለዎትን ሥዕልና ቃላት ይሞላልዎታል።

ጥያቄ፦ ቤታችን የምንናገረው አዊኛ ነው። እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው፤ ደብተሩን አምጥቶ «እማዬ እዪልኝ» ሲለኝ ገልብጬ እንደያዝኩት ያስተዋለው እሱ ነው። ልማር ብል በአማርኛ ልጀምር በአዊኛ? (ከዳንግላ፤ ጎረቤት የጻፈችላቸው)

መልስ፦ በአዊኛ ይጀምሩ። ማንበብ ማለት ጆሮ የሚያውቀውን ቃል ዓይን እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ቃሉን ራሱን አዲስ አድርጎ ፊደሉንም አዲስ ማድረግ ሁለት ሸክም ነው። ልጅዎም በአዊ ዞን ትምህርት ቤት የጀመረው በአዊኛ ነውና ደብተሩን የሚደርሱበት ከዚያው ነው። ፊደሉ ያው የግእዝ ፊደል ስለሆነ የተማሩት አይባክንም፤ እንደ ጘ ያሉ በአማርኛ የማይሠራባቸው ጥቂት ፊደላት ብቻ ናቸው የሚጨመሩት። ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ፊደሉን ይዘው ነው የሚሻገሩት።

ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ በመውጣት አይጀምሩ። 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ በዜማ የሸመደደ ሰው «ሩ» ብቻዋን ስትመጣበት ከ«ረ» ጀምሮ ሳይቆጥር አይለያትም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ስለሚያውቅ ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥረው፤ አቡጊዳ ሄውዞ እያለ ቅደም ተከተሉን አፍርሶ ዓይንን ያስነቃል። እርስዎ ከራስዎ ስም ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የልጆችዎ ስም፣ ቀጥሎ በገበያ የሚሸጡት እህል ስም። አምስት ስም ሲይዙ ከ12 እስከ 15 ፊደል በእጅዎ ገባ። ከእነዚያው ፊደላት ሌላ ቃል ይሥሩ። ልጅዎ ያስተምርዎ፤ ለእሱም ክለሳ ነው፣ ኩራትም ነው።

ቀበሌዎ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ጣቢያ ካለው ይመዝገቡ፤ ፕሮግራሙ የሁለት ዓመት ነው። ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ስሌትም ያስተምራል፤ ለነጋዴ ሴት ስሌቱ ይበልጥበታል።

ጥያቄ፦ 57 ዓመቴ ነው። በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥሬ ነበር፤ አሁን ጡረታ ሳልወጣ የኮምፒውተር ኮርስ ጀመርሁ። ማታ ያነበብሁት ጠዋት የለም። አእምሮዬ ደክሞ ይሆን? (ከሞጣ)

መልስ፦ ከአእምሮዎ በፊት ዓይንዎን ይጠርጥሩ። ከ40 ዓመት ወዲህ የዓይን ሌንስ ለቅርብ መታጠፍ እያቃተው ይሄዳል፤ በ57 ዓመት ብዙ ሰው ለንባብ ከ+2.00 እስከ +2.50 መነጽር ያስፈልገዋል። ያለ መነጽር ሲያነቡ ጉልበትዎ ሁሉ ፊደሉን በማጥራት ያልቅና ለመያዝ አይተርፍም። መጽሐፉን ክንድዎን ዘርግተው የሚይዙ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። መንገድ ዳር ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ይመርመሩ፤ ሞራና ግላኮማ የሚታዩት በምርመራ ነው። መብራቱንም ከጣራው ወደ ጎን ያውርዱት፤ በቀኝ የሚጽፉ ከሆነ ከግራ ይምጣ።

መርሳቱ ግን የሁሉም ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው የተጠና ነገር አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ያነበቡትን እንደገና ከማንበብ ደብተሩን ዘግተው በቃልዎ ይበሉት፤ ያን ዕለት ማታ 10 ደቂቃ፣ በማግሥቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ። ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ማንበቡን ይተዉና እጅዎን ያስይዙት፤ አንድ ፋይል ከፍቶ፣ ስም ሰጥቶ፣ አስቀምጦ፣ ዘግቶ፣ መልሶ ማግኘትን 20 ጊዜ።

ጥያቄ፦ የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ነኝ። 28 ገበሬዎች ተመዝግበው ነበር፤ ኅዳር ላይ 6 ቀሩኝ። የበላይ አካል «ቀስቅስ» ይለኛል። ምን ላድርግ? (ከቢቸና)

መልስ፦ ኅዳር ላይ ጤፍ ይታጨዳል፤ 6 ሰው መቅረቱ ራሱ ተአምር ነው። ፓትሪሺያ ክሮስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጎልማሳን ከትምህርት የሚያስቀረውን በሦስት ከፍላ ነበር፤ የኑሮው ሁኔታ፣ የተቋሙ አሠራርና ሰውየው ስለ ራሱ ያለው ግምት። «ቀስቅስ» የሚለው ትእዛዝ ሦስተኛውን ብቻ ያያል፤ የእርስዎ ችግር ግን ከሁለተኛው ነው፣ የጊዜ ሰሌዳው።

ሰሌዳውን ከበሬው ጋር ያስማሙት። ጎጃም ላይ ገበሬ በሬ የማይጠምድባቸው በዓላት በየወሩ አሉ፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። እሑድ ሲደመር በወር 9 ቀን ገደማ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ከማለት በእነዚህ ቀናት ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሁለት ሰዓት ያስተምሩ። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቅዳሴ ወደ ከሰዓት ስለሚሄድ በእነዚያ ሳምንታት ትምህርቱን ወደ ረፋድ ያምጡት። ኅዳርና ታኅሣሥን በእሑድ ብቻ ይያዙ፤ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ያብዙት። ቦታውም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ድረስ ግማሽ ሰዓት አያስኪዷቸው።

ይዘቱንም ከሥራቸው ያውጡ። ማካፈልን ሲያስተምሩ፣ ለአንድ ሄክታር 1 ኩንታል ማዳበሪያ ቢባል ለአንድ ቃዳ ስንት ኪሎ ነው ይበሉ። አራቱ ቃዳ አንድ ሄክታር ነውና መልሱ 25 ነው፤ በሰሌዳ ላይ ከማሳየትዎ በፊት የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አዛውንት ይነግሩዎታል። እሳቸው በልባቸው የሠሩትን እርስዎ በቁጥር ሲጽፉት ያያሉ። ከዚያ ጆንያው ላይ የታተመውን «50 ኪ.ግ.» ራሳቸው እንዲያነቡት ጆንያውን ይዘው ይግቡ።

የቀሩትን 22 ሰዎች ቤት ለቤት ከመዞር፣ የመጡትን 6ቱን የትኛው ቀንና ሰዓት ለጎረቤቶቻቸው እንደሚመች ይጠይቋቸው፤ ከዚያ ሰሌዳውን ለወረዳው በጽሑፍ ያሳውቁ። ሪፖርቱ ላይ «መቅረት» ተብሎ የሚሞላው ረድፍ አጠገብ «የአጨዳ ወቅት» ብለው ይጻፉበት።